ለመንገድ ዳር ቀጭን መሬት የማይሞት ተክል ፈልጉልኝ

የበረንዳዋ_እመቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ከአጥራችን ውጭ፣ በግንቡና በአስፋልቱ መካከል አንድ ቀጭን መሬት አለ። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር ይሆናል። ባለቤት የሌለው ስለሚመስል ቆሻሻ ይጣልበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ ሰውም እንደፈለገ ያቋርጠዋል።

አካባቢው ሞቃታማ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ይደፋዋል፤ ከዚያ ደግሞ ሦስት አራት ወር ጠብታ የለም። የውሃ ጎማው እዚያ ድረስ ስለማይደርስ የማጠጣው በባልዲ ነው። ቀድሞ የነበረው ሣር በደረቁ ወራት ገለባ ሆኗል። ማጨድም አልፈልግም።

አንድ ዓይነት ተክል ከጫፍ እስከ ጫፍ ብተክል ደስ ይለኛል። መሬቱን የሚሸፍን፣ አጭር፣ ትንሽ ቢያብብም የማይጠላ። ፎቶ ላያይዝ ስል እምቢ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፈጣን_እጅ
ዌዴሊያ። አለቀ። ቢጫ አበባ አለው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ጠጠር ላይ እንኳ ይበቅላል። ቁራጩን ጣል ጣል አድርጊው፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

አረም_ነቃይ
እባክሽ ዌዴሊያን ተዪው። «ራሱ ይጨርሰዋል» የተባለው እውነት ነው። ግን የት ላይ እንደሚያቆም ማን ይነግረዋል? ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ክፉ ወራሪ ብሎ ከዘረዘራቸው 100 ዝርያዎች አንዱ ነው። ግንዱ መሬት የነካበት አንጓ ሁሉ ሥር ያወጣል። ከጣት የማይበልጥ ቁራጭ ይበቃዋል።

መንገድ ዳር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የገረዝሽውን ጎርፍ ይዞት ወደ ቦይ ይገባል፣ ከቦይ ወደ ወንዝ። ወንዝ ዳር ከያዘ በኋላ ሌላ ተክል አያስበቅልም። ላንታና ካማራም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለች። እሷን የሚመክርሽ ሰው ከመጣም አትስሚው።

ፈጣን_እጅ
የጠየቀችው እኮ የማይሞት ነው!

አረም_ነቃይ
የማይሞትና የማይገደል ይለያያል ወንድሜ።

ጋሽ_አትክልተኛ
ልጄ፣ የተክል ስም ከመጥራታችን በፊት መሬቱን እንወቀው። ግንብ የተሠራበት ቦታ ከላይ አፈር ይመስላል እንጂ ከሥሩ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የጡብ ስባሪ፣ የተረፈ አሸዋ ነው። መኪና ስለቆመበት ደግሞ ደድሯል። እዚያ ላይ የሞተው ሣር ጥማት ብቻ አይደለም የገደለው። ሥሩ የሚገባበት አጥቶ ነው።

እንዲህ አድርጊ። 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሪ። ውሃ ሙዪው። ሲመጥ እንደገና ሙዪውና ሰዓት ያዢ። በሰዓት 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር እንኳ ካልወረደ ውሃው መውጫ የለውም ማለት ነው። ይህንን በሁለቱም ጫፍ ሞክሪ። ስትቆፍሪ በእጅ መሣሪያ፣ ቀስ ብለሽ። የውሃ ቱቦና የመብራት ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ዓይነት መሬት ሥር ነው።

ሌላም ልጠይቅሽ። ጥላ አለው? ሰው የሚያቋርጠው የት ጋ ነው? ጎርፉ ወደየት ይሄዳል?

የበረንዳዋ_እመቤት
እሺ ጋሼ፣ ሞክሬዋለሁ። ላይኛው ጫፍ ላይ ውሃው ቶሎ ሰረገ። ታችኛው ጫፍ ላይ ግን ማታ የሞላሁት ጠዋትም ግማሹ አለ። ጎርፉም ወደዚያው ነው የሚሄደው። ላይኛው ጫፍ ላይ ትልቅ ዛፍ አለ፤ 3 ሜትር ያህል ጥላ ይይዛል። መሀሉ ጠዋትም ከሰዓትም ፀሐይ ነው። በራችን መሀሉ ላይ ስለሆነ ሰው የሚያቋርጠውም እዚያ ነው። ስቆፍር ደግሞ እንዳሉት ነው፣ ከአፈሩ ስባሪው ይበዛል።

ጋሽ_አትክልተኛ
ጎሽ። አሁን እናውራ።

አንድ ተክል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልሽውን እርሺው። መሬትሽ አንድ አይደለም። ጥላ አለ፣ የሚነድ ፀሐይ አለ፣ ውሃ የሚያቁር ጫፍ አለ፣ የሚረገጥ ቦታ አለ። አራቱንም የሚችል ተክል ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ ያ ከላይ የተከለከልሽው ዓይነት ነው። ሰው መንገድ ዳር ሲተክል የሚሳሳተው ከተሻለው ቦታ ተነስቶ ስለሚመርጥ ነው። ከክፉው ቦታ ተነሺ።

ከሁሉ የከፋው የሚረገጠው ነው። እዚያ ላይ ምንም አትትከዪ። ሰው ያቋረጠውን መንገድ አበባ አይዘጋውም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ንጣፍ አድርጊበትና ለሰው ልቀቂለት። በንጣፉ መካከል ያለውን ክፍተት ተክሉ ራሱ ይሞላዋል።

ለፀሐዩ ቦታ አራኪስ ፒንቶይን እመክርሻለሁ። እኔ የጌጥ ለውዝ እለዋለሁ፤ የለውዝ ዘመድ ነውና። ከብራዚል የመጣ ነው። በ1954 እዚያ የሰበሰበው ጄራልዶ ፒንቶ ስለሆነ በእሱ ስም ተጠራ። መሬት ላይ እየተሳበ ሥር ያወጣል። ቢጫ አበባ አለው። ጥራጥሬ ስለሆነ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ማዳበሪያ አብዝተሽ ብትሰጪው የምትጠቅሚው አረሙን ነው። ሦስት አራት ወር ደረቅ ወቅት ይችላል። ቅጠሉ ይሳሳል፣ ሊረግፍም ይችላል፤ ሞተ ብለሽ እንዳትነቅዪው። ዝናብ ሲነካው ይመለሳል።

ለሚያቁረው ጫፍ ሌላ ያስፈልጋል። ስለሱ ሌሎች ይናገሩ፣ እኔ ዓይኔ ደከመ።

ቅጠላ_ቅጠል
ለታችኛው ጫፍ ፊላ ኖዲፍሎራ። ሊፒያ የሚሉትም አሉ። ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፣ መረገጥ ይችላል። ዋናው ነገር ግን ውሃ ሲተኛበትም ሲደርቅበትም የሚኖር መሆኑ ነው። ያ ጫፍ ደግሞ ሁለቱንም ያያል። እንደውም እኔ ብሆን ሙሉውን በፊላ ነበር የምሸፍነው። የጌጥ ለውዝ መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ነው። እስኪሸፍን ድረስ አረም ስትነቅዪ ወገብሽ ይቆረጣል።

አረም_ነቃይ
ፊላ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አበባው ንብ ይጠራል። ልጆች በባዶ እግር የሚያልፉበት ከሆነ አስቢበት። ሁለተኛ፣ ፊላ ካኔሴንስ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ወራሪ ነው፤ እሱንም ሊፒያ ይሉታል። በአውስትራሊያ መሬ ዳርሊንግ በሚባለው የወንዝ ተፋሰስ፣ ጎርፍ የሚተኛበትን የግጦሽ መሬት ይዞ አስቸግሯል። የበረንዳዋ እመቤት፣ ቦይሽ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ረግረግ የሚሄድ ከሆነ አካባቢሽ ላይ ምን እንደሚባል መጀመሪያ ጠይቂ።

ቅጠላ_ቅጠል
እንዲህ ካልን እኮ ምንም ሳንተክል ልንቀር ነው! መሬት የሚሸፍን ተክል ሁሉ የሚወደደው በመስፋፋቱ ነው።

አረም_ነቃይ
ትክክል። ለዚህ ነው ጥያቄው «ይስፋፋል ወይ» ሳይሆን «በምን ይስፋፋል» የሚሆነው። በተሳቢ ግንዱ ብቻ የሚሄደውን ጠርዙን እየቆረጥሽ ትይዢዋለሽ። ዘሩን ወፍ ወይም ጎርፍ የሚወስድለት ከሆነ ግን ከእጅሽ ወጣ። የጌጥ ለውዝ ዘሩን እንደ ዘመዱ መሬት ውስጥ ነው የሚቀብረው። ወፍ ለቅሞ የሚሄድበት ነገር የለውም።

ጠጠር_በጠጠር
ስለ መኪናው ማንም አላወራም። የፈለገውን ያህል ጠንካራ ተክል ይሁን፣ ጎማ በየቀኑ ከቆመበት ያልቃል። ቅጠሉ ተቀጥቅጦ አይደለም፤ አፈሩ እንደገና ስለሚደድር ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ትልልቅ ድንጋይ ደረደረበት። ማታ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ቢመታው ማን ይጠየቃል? ሁልጊዜ መኪና የሚቆምበት ቦታ ካለ ቀዳዳ ያለው የኮንክሪት ንጣፍ አድርጊበትና ቀዳዳውን በአጭር ሣር ሙዪው። ሰርዶም ይሆናል። ፀሐይ እስካገኘ ድረስ ሰርዶን የሚያሸንፍ የለም።

አረም_ነቃይ
ሰርዶ ከንጣፉ ወጥቶ የጌጥ ለውዙ ውስጥ ከገባ ግን መለየት አይቻልም። ሁለቱን የሚለይ ጠርዝ ያስፈልጋል።

ጠጠር_በጠጠር
እሱማ ግልጽ ነው።

እናት_ዓለም
ለጥላው ጫፍ እኔ ልናገር፤ ቤቴ ጥላ ብቻ ነው። ኦፊዮፖጎን ትከዪ። ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም፣ ማጨድም የለበትም። ጥቁር አረንጓዴ ነው። የሚሰፋው በጣም በዝግታ ስለሆነ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር አጠጋግተሽ ትከዪው። ካልሆነ ባዶውን ስታዪ ትኖሪያለሽ። ዛፉ ውሃውን ሁሉ የሚጠጣባት ከሆነ ደግሞ ሳንሲቬሪያን የመሰለ የለም። ያንን ረጅም ምላስ መሰል ቅጠል ያለውን ማለቴ ነው። ጥላም ጥማትም ይችላል።

ዛፉ ሥር ግን ዶማ እንዳታነሺ የኔ ልጅ። ወፍራም ሥር ከቆረጥሽ ዛፉን ጎዳሽው። በሥሮቹ መካከል ትንንሽ ቀዳዳ እየከፈትሽ ትከዪ። ግንዱ ላይም አፈር አትከምሪ፣ ይበሰብሳል።

ፈጣን_እጅ
እሺ፣ ዌዴሊያን ተውኩት። ሐምራዊው ትሬድስካንሺያስ? እሱን የምትቃወሙበት ምክንያት አላችሁ?

ቅጠላ_ቅጠል
ትሬድስካንሺያ ፓሊዳ ጥሩ ነው። ፀሐይ ሲያገኝ ነው ሐምራዊነቱ የሚደምቀው፤ ጥላ ውስጥ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ድርቅም ይችላል። ግንዱ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ሰው ከሚረግጠው ጎን አይሆንም። ከግንቡ ሥር በኩል ቢሆን ይሻላል። ፈሳሹ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል። ውሻ ያለው ሰውም ቢያስብበት ጥሩ ነው። ስትቆርጪው ጓንት አድርጊ።

የበረንዳዋ_እመቤት
እንዴት ደስ ይላል፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቦያችን ወደ ከተማው የውሃ መውረጃ ነው የሚገባው። አካባቢው ላይ ጠይቄ ፊላ ችግር እንደሌለው ነግረውኛል።

እንግዲህ 3 ሜትሩ ጥላ ኦፊዮፖጎንና ሳንሲቬሪያ፣ 2 ሜትሩ ታችኛው ጫፍ ፊላ። መሀል 7 ሜትር ይቀራል። ከሱ ላይ 1 ሜትር ለመተላለፊያ ንጣፍ። የቀረው 6 ሜትር የጌጥ ለውዝ። ሐምራዊውን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ዓይነቱ እንዳይበዛብኝ።

ስንት ችግኝ ልፈልግ?

ጠጠር_በጠጠር
6 በ1.2 ሲባዛ 7.2 ካሬ ሜትር። በ25 ሳንቲሜትር ርቀት ከተከልሽ በካሬ ሜትር 16 ነው፤ 115 ገደማ ይሆናል። በ30 ሳንቲሜትር ካደረግሽው በካሬ ሜትር 11፣ ማለትም 80 ገደማ። ሰፋ አድርገሽ የተከልሽ እንደሆነ ችግኙ ይቀንሳል፣ አረም የመንቀሉ ጊዜ ይረዝማል።

ጋሽ_አትክልተኛ
115 ችግኝ ለምን ትፈልጊያለሽ ልጄ? ጥቂት እናት ተክል ያዢና ቁራጭ አባዢ። ከ3 እስከ 5 አንጓ ያለው ግንድ ቁረጪ። ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሪ፣ አናቱ ብቻ ይታይ። እርጥበቱ ሳይቋረጥ ጥላ ሥር ካቆየሽው ሥር ያወጣል። ዝናቡ ሲጀምር ወደ መሬቱ ታወርጂዋለሽ። በባልዲ ለምታጠጣ ሰው ዝናቡ ሲጀምር መትከል ግማሽ ሥራ ነው። በደረቁ ወር መጀመሪያ ላይ የሚተክል ሰው ግን ባልዲውን ይቁጠር።

አረም_ነቃይ
ከመትከልሽ በፊት አረሙን ጨርሺ። ይህን ደጋግሜ ነው የምለው። መሬቱን ፈታ አድርጊ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር። ስባሪውን ልቀሚ፣ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅዪ። ከዚያ አጠጪና ዝም በዪው። አረሙ በአንድ ላይ ይበቅላል። ገና ለጋ ሳለ ጥረጊው። እንደገና አጠጪ፣ እንደገና ጥረጊ። ሁለት ዙር እንዲህ ካደረግሽ መሬቱ ላይ ያለው ዘር በጣም ይቀንሳል። ሁለተኛው ዙር ላይ በጥልቀት አትቆፍሪ፤ ከታች ያለውን ዘር ወደ ላይ ታወጪዋለሽ።

ጊቻ ካለ ግን ይህ ዘዴ አይበቃም። ከሥሩ እንደ ትንሽ ድንች ያለ እብጠት አለው። ከላይ ብትቆርጪው እሱ ከታች ይስቃል። ቡቃያው ስል ስለሆነ ላስቲክም ይበሳል። እብጠቱን ከነክሩ እያወጣሽ ልቀሚ። አንዱ ክር ላይ ብዙ ይንጠለጠላል፣ በመጎተት አይወጣም፣ በመንሽ ከሥር ማንሳት ነው። መሬት ከተሸፈነ በኋላ ጊቻን ከተሳቢ ተክል መሀል መልቀም ቅጣት ነው።

እናት_ዓለም
ጉዝጓዙን አትርሺ። ተክሉ እስኪገናኝ ድረስ ባዶውን መሬት ሸፍኚ፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል። ቀላል ገለባ ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ሻካራ የእንጨት ስንጥር ይሻላል።

ጠጠር_በጠጠር
የአፈሩ ከፍታም ከጠርዙ ድንጋይ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ሰው አፈሩን እየከመረ ጉብታ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጭቃው የእግረኛ መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ውሃውም ሳይሰርግ ይሸሻል። ዝቅ ካለ ከመንገዱ የሚመጣውን ውሃ ይቀበላል። ባልዲ ተገላገልሽ ማለት ነው፣ ቢያንስ በዝናብ ወቅት።

ፈጣን_እጅ
አበባ ብላ ነበር እኮ። የዝናብ አበባ የሚሉትን፣ ዘፊራንተስን፣ እዚያም እዚያም ብትጨምርስ? ሽንኩርት መሰል ሥሩን የጌጥ ለውዙ መሀል ትቀብረዋለች። ዝናብ ሲመታ ብቅ ይላል፣ ሌላ ጊዜ ቦታ አይፈጅም።

አረም_ነቃይ
ፈጣን እጅ፣ ዛሬ ጥሩ ነገር ተናገርክ። ሥሩ መርዛማ መሆኑን ብቻ ታስታውስ፤ ልጅ ቆፍሮ እንዳይቀምሰው።

ቅጠላ_ቅጠል
ማዕዘን ላይ ከሆነ ወይም መኪና ከበር የሚወጣበት ከሆነ ሳንሲቬሪያው ሾፌሩን እንዳይጋርደው አደራ። ረጃጅሙ ዓይነት ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከጉልበት የማይዘል አጭር ዓይነትም አለው፣ እሱን ፈልጊ።

የበረንዳዋ_እመቤት
ዝናቡ ከገባ ቆይቷል፣ ወሬ ላምጣ። ፊላው ታችኛውን ጫፍ ሸፍኖታል፣ ውሃ ሲተኛበትም ምንም አልሆነ። ንጣፉን ሰው ያለ ምንም ምልክት ተከትሎት ይሄዳል። ኦፊዮፖጎኑ ግን እንደተተከለ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

የጌጥ ለውዙ አስፋልቱ በኩል ቆንጆ ነው። ከግንቡ ሥር በኩል ግን አዲሱ ቅጠል ቢጫ እየሆነ ነው። የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ብቻ ነው የሚገረጣው። አሮጌው ቅጠል ደህና ነው። ውሃ በዝቶበት ይሆን?

ጋሽ_አትክልተኛ
ውሃ አይደለም። አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ግን ከግንቡ የሚራገፈው ሲሚንቶና ኖራ አፈሩን ስለሚለውጠው ሥሩ ሊወስደው አይችልም። የጌጥ ለውዝ ኮምጣጣ አፈር ነው የሚወደው። ናይትሮጅን ቢያጥረው ኖሮ መጀመሪያ የሚገረጣው አሮጌው ቅጠል ነበር።

ኬሌት የሚባለውን የብረት ማዳበሪያ ብትሰጪው ለጊዜው ይመለሳል። ግንቡ ግን የትም አይሄድም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያንኑ ያወርድበታል። ከግንቡ ሥር ያለውን ቀጭን መስመር ለዚያ ለሐምራዊው ስጪው። እሱ አፈር ብዙም አይመርጥም። እዚያ በኩል ማንም አይረግጠውም።

ቅጠላ_ቅጠል
ሐምራዊውን ለመትከል ሥር የያዘ ችግኝ አትፈልጊም። ቁራጩን እርጥብ አፈር ውስጥ ሰክተሽ ተዪው።

የበረንዳዋ_እመቤት
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከግንቡ ሥር 30 ሳንቲሜትር ለሐምራዊው ለቀቅኩ። ነቅዬ ያወጣሁትን የጌጥ ለውዝ ከንጣፉ ዳር የቀረው ክፍተት ላይ መልሼ ተክዬዋለሁ።

መኪናውስ? አሁንም አንዱ ጎረቤት ይቆምበታል።

ጠጠር_በጠጠር
ቀዳዳ ያለውን ንጣፍ አድርጊ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ሁለት ጎማ የሚያርፍበት ያህል ይበቃል። ጠርዙን እንዳትረሺ፣ ሰርዶው እንዳያመልጥ።